«አፍሪካ ሄዱ» ማለት አይበቃም

ባለፈው ሐምሌ እዚሁ ስቶክሆልም፣ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ የእረፍት ጊዜ ሥራ እሠራ ነበር። ከምንከባከባቸው ሰዎች መካከል መስኮታቸው ላይ ሁልጊዜ ባይኖኩላር የሚያስቀምጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በስዊድንኛ «ዱ» እያልኩ ነበር የማነጋግራቸው፤ እዚህ አገር ሁሉም ሰው «አንተ» ነው። በአማርኛ ስጽፍ ግን እጄ እምቢ ስለሚለኝ «እሳቸው» ብዬ እቀጥላለሁ።

እግራቸው አልታዘዝ ካለ ቆይቷል፤ ዓይናቸው ግን ንቁ ነው። ጠዋት ቁርስ ይዤ ስገባ ያዩትን ወፍ ሁሉ ይነግሩኛል። አንድ ቀን ፊታቸው ቅር ብሎት አገኘኋቸውና ምን ሆኑ አልኳቸው። «ሐምሌ ተጋመሰ፤ ግሮንቤናዎቹ መሄድ ጀምረዋል» አሉኝ። ግሮንቤና በእግራቸው መሄድ በሚችሉበት ጊዜ ረግረግ ላይ ሲያዩዋት የኖሩ ትንሽ ወፍ ናት።

«የት ነው የሚሄዱት?» አልኳቸው።

«አፍሪካ።»

«አፍሪካ የት?»

ትንሽ አሰቡና ሳቁ። «እሱንማ አንቺ ብትነግሪኝ ነው የሚሻለው» አሉ።

አልነገርኳቸውም፤ አላውቅም ነበርና። እዚህ አገር ያደግኩ፣ ሁለት ቋንቋ የምናገር፣ «ከየት ነሽ?» ስባል ሳላመነታ «ኢትዮጵያ» የምል ልጅ፣ ከእኛው አገር ስለሚከርም ወፍ አንድ ዓረፍተ ነገር አልነበረኝም። ሽማግሌው የወፏን ግማሽ ዓመት ጠንቅቀው ያውቁታል። ሌላው ግማሽ «አፍሪካ» በሚል አንድ ቃል ተዘግቷል። የዚያ ቃል ቁልፍ እኔ ዘንድ ሊሆን ይገባ ነበር፤ አልነበረም።

ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው። እኔ እንደማምነው፣ ወደ ረግረግ ሄዶ ወፍ ማየትና ፎቶ ማንሳት «የፈረንጅ ጡረተኛ ጨዋታ» ብለን የምንተወው ነገር አይደለም። የእነዚህ ወፎች ዓመት ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ። የእኛም ኑሮ እንደዚያው ነው። ሁለቱን ግማሾች አንድ ላይ ማንበብ የሚችል ሰው ካለ እኛ ነን፤ ካልሠራነው ደግሞ ማንም አይሠራልንም።

አንጋርን

ሽማግሌው የነገሩኝ ቦታ አንጋርንስሾኤንገን ይባላል፤ «የአንጋርን ሐይቅ መስክ» እንደማለት ነው። ከስቶክሆልም በስተሰሜን ቫለንቱና ኮሙን ውስጥ የሚገኝ የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ነው። ድሮ ሐይቅ ነበር፤ ለእርሻ መሬት ሲባል ውሃው እንዲወርድ ተደረገ። በኋላ ደግሞ ውሃው እንዲመለስለት ተደረገ። አሁን በጸደይ ውሃ የሚተኛበት፣ በኋላ ላይ ከብት የሚግጥበት ሰፊ ሜዳ ነው። ዙሪያውን የእግር መንገድ አለው፤ የወፍ ማያ ማማዎችም ተሠርተውለታል። መግቢያ የሚያስከፍል የለም፤ ፈቃድ የሚጠይቅም የለም።

መጀመሪያ የሄድኩት ነሐሴ ላይ ነው፤ ብቻዬን፣ ከሰው እጅ የገዛሁትን ካሜራ ይዤ። አንድ ሰዓት ሙሉ ጭቃ እንጂ ምንም አላየሁም። ከዚያ አጠገቤ የቆመች ሴትዮ በጣቷ ስታሳየኝ ጭቃው ተንቀሳቀሰ። ሃያ ሴንቲ ሜትር ያህል የምትረዝም፣ ጀርባዋ ቡናማ ሆኖ በነጭ ነጠብጣብ የተዘራበት፣ ከዓይኗ በላይ ነጭ ቅንድብ ያላት፣ ቀጭን እግሯ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ወፍ። ምንቃሯን ውሃው ውስጥ ነከር ነከር እያደረገች ትሮጣለች፣ ትቆማለች፣ ጅራቷን ከፍ ዝቅ ታደርጋለች። ግሮንቤና ይህች ናት፤ ስሟም በስዊድንኛ «አረንጓዴ እግር» ማለት ነው። ክብደቷ ሰባ ግራም ቢሆን ነው፤ አንድ እፍኝ ሽሮ አትመዝንም።

እንዲህ ያሉት ጭቃ ለጭቃ የሚመገቡ ባለ ረጅም እግር ወፎች በስዊድንኛ «ቫዳረ» ይባላሉ፤ «በውሃ ውስጥ ተራማጆች» እንደማለት ነው። ሁለት ሌሎችም ቶሎ ተዋወቅኩ። አንደኛዋ ቶፍስቪፓ ናት፦ ጥቁርና ነጭ፣ ጀርባዋ በፀሐይ ሲታይ አረንጓዴ የሚያብለጨልጭ፣ ጭንቅላቷ ላይ ወደ ላይ የቆመ ቀጭን ላባ ያላት። «ቶፍስ» ማለት የቆመ ጸጉር ነው። እኔ ሳያት ቁንጮ የተተወላት የገጠር ሕፃን ነው የመሰለችኝ፤ ስለዚህ በማስታወሻዬ ላይ «ባለ ቁንጮ» ብዬ ጽፌያታለሁ። ሁለተኛው ብሩስሃነ ነው። ግንቦት ላይ ወንዱ አንገቱ ዙሪያ እንደ ጎፈር የሚነፋ ላባ ያበቅላል፤ የአንዱ ነጭ፣ የአንዱ ጥቁር፣ የአንዱ ቀይ ቡኒ ነው። ሴቶቹ ፊት እየተሽከረከረ፣ እየሰገደ ይጨፍራል። ይኸው ወፍ ታኅሣሥና ጥር ላይ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ዳር ሲታይ ግን ጎፈር የለውም፤ ግራጫና ቡናማ ለብሶ ጭቃ ይለቅማል። የሰርግ ልብሱን እዚህ፣ የሥራ ልብሱን እዚያ ይለብሳል። ብዙዎቻችን ደግሞ የተገላቢጦሽ ነን፦ ሥራው እዚህ፣ ሰርጉ እዚያ።

የጎደለው ግማሽ

እዚህ አገር ወፎቹ ክረምቱን የት እንደሚያሳልፉ ለረጅም ጊዜ አይታወቅም ነበር። ስዊድናዊው የቤተ ክርስቲያን ሰው ኡላውስ ማግኑስ እ.ኤ.አ. በ1555 ሮም ላይ ባሳተመው መጽሐፉ፣ በቤት ጣሪያ ሥር የጭቃ ጎጆ የምትሠራው ባለ መቀስ ጅራት ወፍ ክረምቱን ሐይቅ ውስጥ ተቃቅፋ እንደምታሳልፍ፣ ዓሣ አጥማጆችም በመረባቸው እንደሚያወጧት ጽፏል። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የመጣው የኡፕሳላው ካርል ፎን ሊኔም ከዚህ እምነት አልወጣም። ሊኔ ማለት ግን ግሮንቤናንም፣ ባለ ቁንጮዋንም፣ ብሩስሃነንም እ.ኤ.አ. በ1758 በሳይንሳዊ ስም የመዘገበ ሰው ነው። ስማቸውን አውጥቶ አድራሻቸውን ግማሽ ብቻ ነበር የሚያውቀው።

እውነቱ የታወቀው በጦር ነው። እ.ኤ.አ. በ1822 ሰሜን ጀርመን ውስጥ ክሉትስ አጠገብ አንድ ነጭ ሽመላ ተገደለ፤ አንገቱ ላይ ከመካከለኛው አፍሪካ የመጣ ጦር ተሰክቶ ነበር። ተወግቶም ያን ሁሉ መንገድ በርሮ ተመልሷል። ሽመላው ጦሩ እንደተሰካበት ዛሬም ሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ1899 ደግሞ ሞርተንሰን የሚባል ዴንማርካዊ መምህር በወፍ እግር ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት ማሰር ጀመረ። ስዊድንም ከእ.ኤ.አ. 1946 ጀምሮ ኧላንድ ደሴት ጫፍ ላይ ባለው የኦተንቢ ጣቢያ ወፎችን እየያዘች ቀለበት እያሰረች ትለቃለች። አሁን ደግሞ በሳተላይት የሚከታተል መሣሪያ አለ።

ስለዚህ ሊቃውንቱ ዛሬ ብዙ ያውቃሉ። ተራው ሰው የሚይዘውን የወፍ መጽሐፍ ግን ክፈቱት። የስዊድን ሰፈሮች አንድ በአንድ ተለይተው ይታያሉ፤ ወደ ደቡብ ሲወርድ ቀለሙ ሰፍቶ አህጉሩን በሙሉ ይሸፍንና «ሞቃታማው አፍሪካ» ይላል። ጣና የለም፣ ዝዋይ የለም፣ አብጃታ የለም፣ ጨለለቃ የለም። የሐይቁን ዳር የሚያርስ፣ ከብት የሚያጠጣ፣ ወፉን በየቀኑ የሚያይ ሰውም የለም። እኔ በዚህ ማንንም አልወቅስም። አንድ ጊዜ ያ ጦር የወፏን መንገድ እንደተናገረ ሁሉ፣ አሁን የሚናገር ሰው ነው የጠፋው።

በእኛም በኩል ጉድለቱ ያው ነው። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቼን በስልክ ስጠይቅ፣ ወፎቹ ዝናቡ አልፎ መስከረም ሲጠባ እንደሚመጡ፣ ሙቀቱ ሲበረታ እንደሚጠፉ ሁሉም ያውቃል። ከየት መጥተው የት እንደሚገቡ ግን ማንም አልነገራቸውም። እዚህ «አፍሪካ ሄዱ» ይባላል፤ እዚያ «ጠፉ» ይባላል። አንዲት ወፍ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ በርራ ሁለቱንም ቦታ ታያለች፤ ሁለቱ ሰዎች ግን አይተዋወቁም።

ማማ

አባዬ ፎገራ ነው ያደገው፤ ከጣና በስተምሥራቅ፣ ወረታ አካባቢ። ሚያዝያ ላይ በስንት ልመና አንጋርን ይዤው ሄድኩ። ማማው ላይ ወጣ፣ ዙሪያውን አየ፣ እንጨቱን በእጁ መታ መታ አደረገና «ይሄ እኮ ማማ ነው» አለኝ።

«ማማ ነው እኮ፤ የወፍ ማማ» አልኩት።

«እኛም የወፍ ማማ ነበረን። ወንጭፍ ይዘን ነው የምንወጣው።»

ልጅ ሆኖ የዳጉሳና የበቆሎ ማሳ ሲጠብቅ ቀኑን ሙሉ ማማ ላይ ይውል እንደነበር ያን ቀን ነው የነገረኝ። ሃያ ዓመት አብሬው ስኖር አንድም ቀን አንስቶት አያውቅም። እኔ ወፍ ለማየት በአውቶቡስ የምሄድበትን ነገር እሱ ወፍ ለማባረር ነው የሚያውቀው። እየሳቅን ሳለ ከሜዳው ማዶ ጥሩንባ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። አባዬ ሳቁን አቆመ። «እነዚህን አውቃቸዋለሁ» አለ፣ ገና ሳያያቸው።

ትራና ናቸው፤ ግራጫ፣ ረጃጅም፣ ጭንቅላታቸው ላይ ቀይ ምልክት ያለባቸው። ከቫዳረዎቹ ወገን ባይሆኑም በዚያው ረግረግ ነው የሚኖሩት። አባዬ እንደሚለው ታኅሣሥ ላይ ውሃው ሲሸሽ ሸሸርና ወለላ በሚባሉት የፎገራ ረግረጎች በመንጋ ይሰፍራሉ፤ በቀሪው እርጥበት የተዘራውን ሽምብራና ጓያ ስለሚለቅሙ ልጆች ያባርሯቸዋል። ማታ ማታ ድምፃቸው እስከ ቤት ይሰማል።

እኔ ያን ምሽት ቤት ገብቼ ሳነብ ሁለት ነገር አገኘሁ። ጣና በዓለም ላይ ትራናዎች በብዛት ከሚከርሙባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። ትራና በጣና፤ ስሙ ራሱ ይገጥማል። ሁለተኛው ግን ደስታዬን ትንሽ ቀነሰው፦ የስዊድን ትራናዎች በአብዛኛው በጀርመንና በፈረንሳይ በኩል ወደ ስፔን ነው የሚሄዱት። ኢትዮጵያ ድረስ የሚወርዱት ከፊንላንድና ከሩሲያ በኩል የሚነሱት ናቸው። ስለዚህ አባዬ በልጅነቱ ያባረራቸው ወፎች አንጋርን ላይ የሰማናቸው አይደሉም፤ የዘር ዘመዶቻቸው ናቸው።

ይህን ስነግረው ቅር የሚለው መስሎኝ ነበር። እሱ ግን «ታዲያ እነዚህ ስፔን፣ የእኛዎቹ ከፊንላንድ ከሆኑ መጠየቅ ነበረብን እኮ» አለ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። «አፍሪካ» የሚለው መልስ ስህተት የሚሆነው ሰፊ በመሆኑ ብቻ አይደለም፤ መጠየቅን ስለሚያስቆም ነው። አንዱ መንጋ ወደ ምዕራብ፣ ሌላው ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። አንደኛው ረግረግ ሲደርቅ የሚጎዳው አንዱ መንጋ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ካላወቅን ምን እንደጠፋን አናውቅም።

እየጠፋ ያለው

ጥፋቱም እውነት ነው። ስዊድን ረግረጎቿን በእኛ ዕድሜ ሳይሆን ከዚያ በፊት አድርቃ ጨርሳለች ማለት ይቻላል። ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለእርሻና ለደን ተብሎ ቦይ ያልተቆፈረበት አካባቢ ጥቂት ነው። በደቡብ ምዕራብ ያለው የሆርንቦርያ ሐይቅ ብቻ አምስት ጊዜ ውሃው እንዲወርድ ተደርጓል፤ የተገኘው የእርሻ መሬት ግን እንደታሰበው አልሆነም። በመጨረሻ መንግሥት ብዙ ገንዘብ አውጥቶ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ውሃውን መለሰው። ዛሬ ሚያዝያ ላይ በአንድ ቀን ከ20,000 በላይ ትራና የሚቆጠርበት ጊዜ አለ፤ ሕዝብ ልጆቹን ይዞ ሊያይ ይጎርፋል።

በእኛ በኩል ሐሮማያ ሐይቅ ዓይናችን እያየ ደርቆ ነበር። አብጃታ ውሃው ለሶዳ አሽና ለመስኖ እየተሳበ ሸሽቷል። ጣና ላይ ከእ.ኤ.አ. 2011 ወዲህ እምቦጭ ምን እንዳደረገ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልገኝም፤ ስንቶቻችን ለእምቦጭ ገንዘብ አዋጥተናል። ሸሸርና ወለላም ለእርሻ እየተጠነፈፉ፣ ውሃቸው በፓምፕ እየተሳበ በጣም ጠብበዋል። አባዬ ወፍ ያባረረበት ቦታ ግማሹ ዛሬ ሩዝና ሽንኩርት ነው።

ፎገራ ያለው ገበሬ ግን ጥፋተኛ ነው አልልም። ስዊድን ረግረጓን አድርቃ በላች፣ ጠገበች፣ ከዚያ ተጸጸተች። እዚህ እህሉ በትራና የተበላበት ገበሬ ከመንግሥት ካሳ የሚያገኝበት ሥርዓት አለ፤ ፎገራ ያለው ገበሬ ያለው ወንጭፍ የያዘ ልጅ ነው። ለእሱ «ወፉን ተንከባከብ» ብሎ ከስቶክሆልም መስበክ ነውር ነው። ማድረግ የምንችለው ሌላ ነገር ነው፦ በማሳው ላይ የሚያርፈው ወፍ ዓለም የሚፈልገው፣ ዋጋ ያለው፣ ከሩቅ የመጣ እንግዳ መሆኑን ማሳወቅ፤ የጥበቃው ዋጋ በእሱ ጫንቃ ላይ ብቻ መውደቅ እንደሌለበትም እዚህ ባሉት ዘንድ መናገር። ስዊድንም ኢትዮጵያም በአፍሪካና በአውሮፓ መካከል የሚመላለሱ የውሃ ወፎችን ለመጠበቅ የተደረገውን አንድ ስምምነት የፈረሙ አገሮች ናቸው። በወረቀት ላይ ኃላፊነቱ የጋራ ነው።

ሰውና ወፍ የግድ ተፎካካሪ አለመሆናቸውንም በቅርብ ማየት ይቻላል። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ አዲስ ዓለም አጠገብ በርጋ የሚባል ሜዳ አለ፤ በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት የቀረች አንዲት ትንሽ የረግረግ ወፍ በክረምት ትራባበታለች። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እዚያ የሠራው ከአካባቢው ነዋሪዎች ጋር ሆኖ ነው፤ ሜዳው ሣር ነው፣ ሣሩ የከብት መኖ ነው፣ ረግረጉ ከተጠበቀ ሁለቱም ይተርፋሉ።

«ሰው እየሞተ ወፍ?»

ይህን ሐሳብ ለጓደኞቼ ሳነሳ ሁለት መልስ ይመጣል። የመጀመሪያው ቀልድ ነው። እማዬ እንኳ «ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስቶ ወፍ? ለፈተናሽ እንዲህ ብትነሺ!» ብላኛለች። ግንቦት ላይ ፀሐይ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ትወጣለች፤ ምን ላድርግ።

ሁለተኛው ከባድ ነው። የአማራ ክልል ከእ.ኤ.አ. 2023 ጀምሮ ጦርነት ውስጥ ነው። ዘመዶቻችን መንገድ ተዘግቶባቸው፣ ስልክ ተቋርጦባቸው በሚኖሩበት ጊዜ ስለ ወፍ መጻፍ ምን ይባላል? እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ። አያቴን ካየኋት አምስት ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ ልንሄድ ሁለት ጊዜ አስበን ሁለቴም ቀርቷል። ነሐሴ ላይ አንጋርን የቆምኩት በዚህ ስሜት ነው። ሰባ ግራም የማትሞላ ወፍ ትሄዳለች፤ ፓስፖርት ያለኝ እኔ አልሄድም።

መልሴ ግን ይህ ነው። ስለ አገራችን የምንሰማው ሁሉ የጦርነት ወሬ ብቻ ሲሆን፣ አገሩ ራሱ በእኛ ውስጥ እየጠበበ ይሄዳል። ፎገራ ለእኔ የግጭት ዜና ላይ የሚጠራ ስም ብቻ ሆኖ ነበር። አሁን ረግረግ ነው፣ ማማ ነው፣ ጓያ ነው፣ ታኅሣሥ ላይ የሚሰማ ጥሩንባ ነው። ይህ ከሐዘኑ አላወጣኝም፤ ግን የማዝንለትን ነገር አሳየኝ። ደግሞም ጦርነት ሲያልቅ ሰው የሚመለሰው ወደ ውሃው፣ ወደ ግጦሹና ወደ ዓሣው ነው። የወፎቹ መኖሪያና የሰዎቹ መኖሪያ አንድ ቦታ ነው።

ስለ ካሜራው አንድ ኑዛዜ

ፎቶ የማነሳው በ300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው። ለቫዳረ ይህ አጭር ነው፤ ከሩቅ የተነሳች ወፍ ፎቶው ላይ የሰናፍጭ ፍሬ ታክላለች። በዚህ ምክንያት ባለፈው ግንቦት የማልረሳውን ጥፋት ሠራሁ። አንዲት ባለ ቁንጮ መስኩ ላይ ተቀምጣ አየሁና መንገዱን ትቼ ገባሁ። ተነሳችና በላዬ ላይ እየተገለባበጠች መጮህ ጀመረች። ቁጣዋ ደስ አለኝ፤ ካሜራዬን አንስቼ ተኮስኩ ተኮስኩ። እንቁላሎቿ መሬት ላይ እንደሆኑ አላሰብኩም። ወደ መንገዱ ስመለስ ዞር ብዬ አየሁ፤ አንድ ቁራ እኔ ከቆምኩበት አጠገብ አርፎ አንድ እንቁላል ይዞ ተነሳ።

ፎቶው በጣም ቆንጆ ነው። ለማንም አላሳየሁትም።

በትምህርቴ መጀመሪያ ከተማርናቸው ነገሮች አንዱ በሽተኛን ሳይነኩ ማየት ነው፦ አተነፋፈሱን፣ የቆዳውን ቀለም፣ አቀማመጡን። እጅ የሚዘረጋው ከዚያ በኋላ ነው። ካሜራ ስይዝ ይህን ረሳሁት። ስለዚህ ለሚጀምር ሰው የምመክረው ትንሽ ነው። ከመንገዱ አትውጡ። ወፏ መብላት አቁማ ቀና ካለች ቀርባችኋል ማለት ነው፤ ቁሙ። ከጮኸች ጎጆ አለ ማለት ነው፤ ተመለሱ። ጎጆ አታንሱ፣ ቦታውንም አትለጥፉ። ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡና ጠብቁ፤ የምትበር ወፍ እንዳትደበዝዝ ፍጥነቱን ከሰከንድ አንድ ሺህኛ በላይ አድርጉት። ቫዳረ ጭቃውን ተከትሎ ይመጣል፤ ዝም ያለ ሰው አጠገብ ይደርሳል።

ምን እናድርግ?

ማኅበራችን ቡና ያፈላል፣ እንቁጣጣሽ ያከብራል፣ ሴሚናር ያዘጋጃል። ሦስት ነገር ቢጨመር እላለሁ።

አንደኛ፣ ግንቦት ላይ አንድ ቅዳሜ አንጋርን እንሂድ፤ ወላጆቻችንን ይዘን። የስዊድን «አለማንስሬት» ማንም ሰው በተፈጥሮ ውስጥ በጨዋነት እንዲዘዋወር ይፈቅዳል፤ ይህ መብት እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ተጽፏል። የተጻፈው ለእኛም ነው። ማማው ላይ ግን እስካሁን እኔን የሚመስል ሰው አላየሁም፤ ከአባዬ በቀር።

ሁለተኛ፣ ስሞችን እንሰብስብ። ሽመላን፣ ሳቢሳን፣ ጋጋኖን፣ አባ ኮዳን አማርኛ ያውቃል። ትንንሾቹን የጭቃ ወፎች ግን እኔ የጠየቅኋቸው ሁሉ «የውሃ ወፍ» ብለው ያልፏቸዋል። ጣና ዳር፣ ዝዋይ ዳር፣ ሐዋሳ ዳር ያደገ አንድ ሰው ስም ይኖረዋል ብዬ አምናለሁ፤ በአማርኛም ባይሆን በኦሮምኛ ወይም በሲዳምኛ። ፎቶ እንላክላቸውና እንጠይቃቸው። እነሱ ሲያልፉ ስሙም ያልፋል።

ሦስተኛ፣ አገር ቤት የምትሄዱ መዝግቡ። ለገናና ለጥምቀት ብዙዎቻችሁ ጥር ላይ ነው የምትገቡት፤ በአፍሪካም በአውሮፓም ዓለም አቀፉ የውሃ ወፎች ቆጠራ የሚካሄደው በዚያው ወር ነው። ቢሾፍቱ ምሳ ልትበሉ ስትሄዱ፣ ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ስትበሉ፣ አሥር ደቂቃ ቆማችሁ ያያችሁትን ቁጠሩ። እዚህ ያያችሁትን አርትፖርታለን ላይ፣ እዚያ ያያችሁትን ኢበርድ ላይ ጻፉ፤ ሁለቱም በነጻ ነው። አገር ቤት ሲቀልዱብን «የመስቀል ወፍ» ይሉናል፤ በዓመት አንዴ ብቅ ብለን ስለምንጠፋ። እሺ፤ ወፍ ከሆንን ያየነውን የምንናገር ወፍ እንሁን።

በመጪው ሐምሌ ወደዚያው መኖሪያ ለሥራ ልመለስ ነው። ሽማግሌው ካሉ፣ ቁርሳቸውን አስቀምጬ፣ ሳይጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ። ግሮንቤናዎች ከሚከርሙባቸው አገሮች አንዱ የእኔ ነው፤ መስከረም ላይ፣ ዝናቡ አባርቶ አደይ አበባ ሲፈካ ይደርሳሉ። ጣና የሚባል ሐይቅ አለ፤ በስተምሥራቁ ሸሸር የሚባል ረግረግ አለ፤ እዚያ አባቴ ልጅ ሆኖ ማማ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ወንጭፍ ይዞ።